ሦስተኛው የእሷ ነው

አራቱም ብርቱካኖች ከረጢቱ ውስጥ ነበሩ። መዝገብ ጠራዧ ራሷ መርጣ፣ ራሷ አጥባ፣ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ቆዳቸው ከመድረቁ በቀር አንድም ጥፍር አላረፈባቸውም። ከነሱ ሥር መነጽር፣ ማበጠሪያ፣ የሱፍ ሹራብና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ተጨምቀዋል። የከረጢቱ አንገት በቁራጭ ፋሻ ታስሮ፣ ፋሻው ላይ በቀይ ብዕር «አልጋ 17» ተብሎ ተጽፏል።

«እዚህ ጋ ትፈርሚና ዕቃውን ትወስጃለሽ» አለች የክፍሉ ኃላፊ። በማገገሚያ ቤቱ ውስጥ ታማሚውም ጠያቂውም «ሲስተር» ነው የሚላት። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ብዕሩን ከላዩ አጋደመችው። «ነፍስ ይማር። ጥሩ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ አላስቸገሩንም።»

ጠራዧ ብዕሩን አነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ከአውቶቡሱ ወርዳ በፀሐይ ነው የመጣችው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወረቀት ስትሰፋና ስታጣብቅ የኖረች ሴት ናት፤ የምትጠርዘውን ሁሉ ግን አታነብም ነበር። ይህን አነበበች።

«ታማሚዋ ለተሰበረው ዳሌያቸው ታክመው ለማገገም ገብተው ሳሉ፣ ውሃም ሆነ የሕመም ማስታገሻ በየዕለቱ ቢቀርብላቸውም ባለመፈለጋቸው ሰውነታቸው ደርቆ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። እኔ የቅርብ ቤተሰብ ይህን አንብቤ ተቀብያለሁ።»

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

«የቱ?»

«ባለመፈለጋቸው የሚለው። እናቴ ውሃ አልፈለገችም?»

«መዝገቡ የሚለው እንደሱ ነው።»

«ውሃ የማይፈልግ ፍጡር አይተው ያውቃሉ፣ ሲስተር?»

ሲስተር ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ ሲጮኹባት የእሷ ድምፅ ዝቅ ይላል። «እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ይገባኛል። ግን እኛ ማንንም በግድ አናጠጣም። ጠየቅን፤ አልፈልግም አሉ። የሰው ፍላጎት ይከበራል።»

ይከበራል። ጠራዧ ቃሉን አፏ ውስጥ አገላብጣ ልትተፋው ምንም አልቀራት። ለሰው የሚጎድለው ሌላ፣ እፈልጋለሁ ብሎ ከአፉ የሚያወጣው ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ለአንዳንዱ ሰው አንድ እርምጃ ነው፤ እናቷ ግን ሰባ አራት ዓመት ሄዳበት አልጨረሰችውም።

እናቷ በሰው ቤት ያደገች ናት። ወላጆቿን በአንድ ዓመት ውስጥ አጥታ የአጎቷ ሚስት እጅ ላይ ወደቀች። በዚያ ቤት «ስጡኝ» ያለ ልጅ በኩርኩም ይመለሳል፤ ሲሰጡት ቶሎ እጁን የዘረጋም «ሆዳም» እየተባለ ቀኑን ሙሉ ይሳቅበታል። ስለዚህ ልጅቷ ዘዴ አበጀች። ሲጠይቋት የመጀመሪያውን «አይ» ለጨዋነት ትላለች። ሁለተኛውን «አይ» ጠያቂው ከልቡ መሆኑን ለማየት ትላለች። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብላ ትቀበላለች። አግብታ፣ የራሷ ጓዳና የራሷ ቁልፍ ከኖራት በኋላም ይህ ነገር አልለቀቃትም። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እጇ ያበሰለችውን፣ ሦስት ጊዜ ካልተለመነች አትቀምስም።

የጠራዧ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀልደኛ ነበር። ሳህን ይዞ ፊቷ ይቆምና «አንድ!» ይላል። «አይ፣ በቃኝ» ትላለች። «ሁለት!» «ኧረ ጠገብኩ!» «ሦስት!» ሲል እጇ ሳህኑ ላይ ነው። «ሦስተኛው የእሷ ነው» ይል ነበር ለመጣው እንግዳ ሁሉ። «ለጋብቻም እንዲሁ ነው ያደረገችኝ። በሁለተኛው ተስፋ ቆርጬ ሄጄ ቢሆን ይቺ ልጅ የት ትገኝ ነበር?» ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እናትየውም አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

«ስንት ጊዜ ነው የጠየቃችኋት?» አለች ጠራዧ።

«በቀን ሦስት ጊዜ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ።»

«እሱን አይደለም። አንዴ ስትቀርቧት ስንት ጊዜ?»

«አልገባኝም።»

ነገረቻት። የእናቷን አጎት ሚስት ቤት፣ ኩርኩሙን፣ የአባቷን ቆጠራ፣ ሁሉንም። ስትናገረው እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በማኅተሙና በስቴፕለሩ መካከል፣ ነገሩ የሕፃን ጨዋታ መሰለ፤ ያም ይበልጥ አናደዳት።

ሲስተር እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «አርባ ሁለት አልጋ አለኝ» አለች። «ረዳት ሁለት። አርባ ሁለት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። አንቺ እንደምትዪው እያንዳንዱን ሦስት ሦስቴ እንለምን ብንል ጋሪው የመጨረሻው አልጋ ጋ የሚደርሰው በማግስቱ ነው። እኛ እንግዳ አናስተናግድም፣ እህቴ። ደግሞስ…» ፋይሉን ገለጠች። «ሲገቡ ቅጹን የሞላሽው አንቺ ነሽ። "ልዩ ልማድ ወይም ማሳሰቢያ" ይላል። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

የራሷ ጽሕፈት ነበር፤ የቸኮለ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። «የለም።»

ፊቷ ጋለ። አብሮት የኖረውን ነገር ማን ልማድ ብሎ ይጽፈዋል? «ትተነፍሳለች» ብሎ የሚጽፍ አለ?

«መዝገቡን አሳዩኝ» አለች።

«መዝገብ ለቤተሰብ አይታይም።»

«እንግዲያው እኔም አልፈርምም። ፋይሉም ዕቃውም እዚሁ ይቀመጥ። ብርቱካኑም እዚሁ ይሻግት።»

ሲስተር ሰዓቷን አየች። ያልተፈረመ ፋይል ወደ በላይ አለቃ መሄድ አለበት፤ አለቃው ደግሞ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ቁልፎቿን አንሥታ መዝገቡን ልታመጣ ወጣች።

ጠራዧ ብቻዋን መቀመጥ አልቻለችም። ኮሪደሩን ተሻግራ የእናቷን ክፍል በር ገፋች። ስድስት አልጋ። አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ አዲስ አንሶላ ተወጥሯል፤ ሰው ተኝቶበት የማያውቅ ይመስላል።

«የአሥራ ሰባቷ ልጅ! ነይ፣ ግቢ!» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል መጣ። ታማሚዎቹ «ሬዲዮ» የሚሏቸው አሮጊት ናቸው። ሁለት እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ አፋቸው ግን የሁሉንም ድርሻ ይሠራል። «አልጋው ባዶ ሆኖ የማወራው ለግድግዳው ነው። እሱም ሰልችቶታል መሰለኝ፣ መሰንጠቅ ጀምሯል።»

«ደህና ነዎት፣ እማማ?»

«ሻዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ትራሱ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ደህና ነኝ። እናትሽ ግን ምን ዓይነት ሴት ነበረች! "ይሄ አፍ ለኔ በሆነ" አለችኝ አንድ ቀን። "ላውስሽ፣ ማታ ትመልሺልኛለሽ" አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ዳሌዋን ስለሚያማት አንሶላውን ነክሳ ነበር የምትስቀው።»

ጠራዧ የአልጋውን ብረት ያዘች። «ውሃ ሲያመጡላት ምን ነበር የምትላቸው?»

«ምኑን አመጡላት! ጋሪው እየተገፋ "ውሃ?" ይላሉ። "አይ፣ አትድከሙ፣ ደህና ነኝ" ትላለች። "ደህና ነኝ" የሚለውን ሳትጨርስ ጋሪው እኔ ጋ ደርሷል። እኔማ ያመጡትን እቀበላለሁ፣ ያላመጡትን እጠይቃለሁ። መስኮት ክፈቱ፣ መስኮት ዝጉ፣ ብርድ ልብስ ደርቡ፣ አንሱ። ሁሉ የሚያስፈልገኝ መስሎሽ ነው? ያማረኝን በሙሉ እጠራለሁ፤ በመሃል የሚያስፈልገኝም ሾልኮ ይመጣል። እሷ ግን…»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩላትም?» ድምፁ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ማዶ የተኙት ሴት ፊታቸውን አዞሩ። «ይሄን ሁሉ ሲያወሩ ለሷ አንዲት ቃል እንዴት ጠፋዎት?»

ሬዲዮ ብርድ ልብሳቸውን በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ።

«አልጋዬ ያኔ ከጎኗ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለቴ ከኔ ብርጭቆ ሰጥቻታለሁ። "አይ" አለችኝ። "በሞቴ" አልኩና ከንፈሯ ላይ ያዝኩባት። ጭልጥ አደረገችው ልጄ። ያስፈራ ነበር አጠጣጧ። ከዚያ ወዲያ እጄ አልደረሰም። ወደ መስኮት አዛወሩኝ። እኔው ነኝ የጨቀጨቅኳቸው፣ "ወደ ብርሃን ውሰዱኝ" ብዬ።»

ጠራዧ መስኮቱን አየች፣ አልጋውን አየች። ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። የአልጋውን ብረት ለቅቃ ወጣች።

ሲስተር መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ጠራዧ ከጽሕፈቱ በፊት ስፌቱን አወቀችው። አረንጓዴ የጨርቅ ጀርባ፣ በእጥፍ የተለበጡ ማዕዘኖች፣ ከታች በኩል ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ክር። ያን ሁለተኛ ቋጠሮ ከሷ በቀር የሚቋጥር የለም፤ የሙያ ጓደኞቿ «ትርፍ ድካም» እያሉ ይስቁባታል። ባለፈው ዓመት ለዚህ ቤት ሠላሳ መዝገብ ጠርዛለች። የእናቷ ጥም በገዛ ስፌቷ መካከል ሲጻፍ ኖሯል።

ለያንዳንዱ ቀን አንድ ቅጠል ነው፤ ለያንዳንዱ አልጋ ሦስት መስመር። ከአናቱ «ሰዓት፣ የቀረበው፣ ጠያቂው፣ መልስ» ይላል። አሥራ ሰባት ቁጥርን በጣቷ ተከተለች። ሰኞ ጠዋት፤ ውሃና ማስታገሻ፤ ረዳት፤ አልፈለጉም። ከሥሩ ሁለት አጫጭር ጭረት፤ ከላይ እንዳለው ነው ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ጭረት። ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ከሐሙስ ጀምሮ ቃሉ ራሱ ቀርቶ ጭረት ብቻ ሆነ። እናቷ ከቀን ወደ ቀን ስትደርቅ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ይህ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው «አልፈለጉም» ብሎ መጻፍ እንደሰለቸው።

የመጨረሻው ማክሰኞ ላይ ጣቷ ቆመ።

«እናቴ በስንት ሰዓት ነው የሞተችው?»

«ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ። ወረቀቱ ላይ አለልሽ።»

«ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ውሃ አልፈለገችም።»

ሲስተር ጎንበስ አለች።

«ይኸው። ማታ። ውሃና ማስታገሻ። ረዳት። ጭረት።» ጠራዧ አልጮኸችም፤ መጮኽ የምትችልበትን አልፋዋለች። «ሬሳ ጠይቃችሁ ሬሳው አልፈልግም አላችሁ። የሰው ፍላጎት ይከበራል አይደል ያሉኝ? አከበራችሁለት።»

ሲስተር መነጽሯን አውልቃ መልሳ አደረገችው። መስመሩን ደግማ አነበበች። «ረዳቷን ጠይቄ ልምጣ» አለችና በሩን ሳትዘጋው ሄደች።

ጠራዧ ከኪሷ ክር መቁረጫ ምላጯን አወጣች፤ በሄደችበት የማትለያት፣ ጥፍር የምታክል ምላጭ። ይህን ቅጠል ትወስደዋለች። ለዳኛ ታሳየው ወይስ ግድግዳዋ ላይ ትለጥፈው ገና አላሰበችም፤ ብቻ እዚህ ቤት አይቀርም። ነገ ማን ያውቃል፣ ጭረቷ ትፋቅና እናቷ ዳግመኛ በፈቃዷ የሞተች ትሆናለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀድዶ ይሄድ ነበር። እሷ ግን የመዝገብን ሆድ ዕቃ ታውቀዋለች። አምስት ወረቀት አንድ ላይ ሲታጠፍ አሥር ቅጠል ይሆናል፤ መሃሉ ላይ በክር ይሰፋል። የመጀመሪያው ቅጠልና አሥረኛው አንድ ወረቀት ናቸው። አንዱን ጎትተሽ ስታወጪ ሌላው ይከተላል። ክሩ የሚታይበትን ቦታ ፈልጋ ቆጠረች። ማክሰኞ አሥረኛው ነበር። ወደ ኋላ ቆጠረች፤ ሰኞ፣ እሑድ፣ ቅዳሜ… አንደኛው ብርቱካን ያመጣችበት እሑድ ሆኖ ተገኘ።

ገለጠችው። አልጋ 17። «ማታ። ለአዳሪ አስታማሚ ወንበር። ልጅ። አልፈለጉም።»

ጠያቂ፣ ልጅ።

ረዳቷ በር ላይ ቆማ «የሚያድር ካለ ወንበር ላምጣ?» ብላ ነበር። ጠራዧ ያኔ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታለች። «ልደር ወይ፣ እማዬ?» አለች። «አይ፣ ሂጂ። ሥራ አለብሽ።» በእርግጥም ነበረባት፤ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ለሳምንት የሚደርስ። «በይ እሺ፤ ብርቱካኑን ብዪ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ብርቱካኑን እንኳ አልላጠችላትም። እናቷ ዓይኗን አልነቀለችም። ሳህን ይዞ ፊቷ የሚቆመውን ሰውዬ ታይበት በነበረው አስተያየት፣ አገጯን ትንሽ ዝቅ አድርጋ፣ ትጠብቅ ነበር። አባት ከሞተ ወዲህ ያን ቆጠራ የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል።

ሁለተኛውን ያልጠየቀችው ረስታው አልነበረም። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካልሽ» እንዳትላት ፈርታ ነው። በሚቀጥለው እሑድም በስልክ «ልምጣ ወይ?» አለች። አንዴ።

ምላጩ እጇ ላይ ሞቀ። አሥረኛውን ቅጠል ብቻ፣ አንድ ጣት የሚያህል ትርፍ ትቶ መቁረጥ ይቻላል። ትርፉ እሑድን አቅፎ ይይዛል፤ እሑድ በመዝገቡ ውስጥ፣ ሌሎች መዝገቦች መካከል፣ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ይኖራል። ከጠራዥ በቀር ማንም አያውቅም። ምላጩን የማክሰኞ ኅዳግ ላይ አሳረፈችው። እዚያው ላይ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ወደ መሃል ወሰደችውና ክሩን በጠሰችው። ሁለተኛው ቋጠሮ እንደሚገባው አስቸገረ። ወረቀቱን ሙሉውን ስባ አወጣች፤ የቀሩትን ስምንት ቅጠሎች በክሩ ጫፍ መልሳ አሰረቻቸው፤ የሌላ ሰው እናት አለችባቸው።

ሲስተር ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ተቀመጠች። «ረዳቷ ጠዋት ነው የምትሞላው» አለች። «የቀኑን ሁሉ። ጋሪውን ከመግፋቷ በፊት። "አሥራ ሰባት መቼም አትፈልግም፣ ለምን ልድከም" አለችኝ።» ያኔ ነው ወረቀቱን ያየችው። «ምን አደረግሽ?»

«ፈታሁት። የሰፋሁትም እኔ ነኝ።»

«የቤቱ ንብረት ነው እኮ! ዘበኛ ልጥራ?»

«ይጥሩ። እወስደዋለሁ። ሁለቱንም።»

«ሁለቱን ምን?»

ጠራዧ ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ማጠፊያው መሃል ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል። «ይሄ የናንተ ነው» አለች፣ ጣቷን ማክሰኞ ላይ አድርጋ። ከዚያ ጣቷን ወደ ሌላው ወገን ወሰደችው። «ይሄኛው የኔ።»

ሲስተር እሑድን አነበበች። ቀና ብላ አላየቻትም። እጇ ወደ ስልኩ ሄዶ ነበር፤ ከመንገድ ተመለሰ። ያልተፈረመው ወረቀት በሁለቱ መካከል እንዳለ ነው፤ ብዕሩም ከላዩ ተጋድሟል። ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ድምፅ እየቀረበ መጣ፣ በበሩ አለፈ፣ ራቀ። የሬዲዮ ድምፅ ከሩቅ «መስኮት ይከፈት!» አለ።

ሲስተር ተነሣች። ከፋይሎቹ መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ የተደፋበት የውሃ ጆግ አለ። ፊቷን ወደሱ አዙራ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «ውሃ ልቅዳልሽ?» አለች።

የጠራዧ ምላስ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል።

«አይ፣ አይድከሙ፣ ደህና ነኝ» አለ አፏ። ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ አንሶላ ነክሳ የምትስቅ ሴት ድምፅ ነበር።

ሲስተር እንደ ልማዷ ራሷን ነቀነቀች። እጇ ከጆጉ ላይ ወረደ። ከዚያ ባለበት፣ አየር ላይ፣ ቆመ።

ጠራዧ ቀና አላለችም። ወረቀቱን በድሮው ማጠፊያው አጥፋ፣ እሑድን ከማክሰኞ ጋር ፊት ለፊት አገናኝታ፣ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ በልቧም የአባቷን ቆጠራ ጀመረች። አንድ።